የዱቦ ዳገትና የጎልማሳ እስትንፋስ

ሰው በጉርምስናው ዘመን የተማረውን ብስክሌት መንዳት፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኮርቻ ላይ ሳይወጣ ቢቆይ እንኳ የማይረሳው መሆኑ ከተፈጥሮ ድንቅ ሥራዎች አንዱ ነው፤ ይሁን እንጂ በጎልማሳነት ዕድሜው ለጤናው ሲል ወደ ብስክሌት የሚመለሰውን ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስተው ይኸው አለመርሳቱ እንደ ሆነ በዱቦ መንገድ ላይ በገዛ ደረቴ የተማርሁት ስለ ሆነ፣ ነገሬን ከዚያ ልጀምር።

ዱቦ በወላይታ ዞን፣ በቦሎሶ ሶሬ፣ ከአረካ ከተማ አጠገብ የምትገኝ፣ በካቶሊክ ሚስዮኗና በቅድስት ማርያም ሆስፒታሏ ስሟ ርቆ የሚሰማ ትንሽ ከተማ ናት። ቀይ አፈሯ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው፤ በየጓሮው እንሰቱ ጥቅጥቅ ብሎ ይታያል፤ በመንገዷም ላይ በመኪና ከሚሄደው ይልቅ በእግሩ የሚሄደው ሰው ይበዛል። በዚህች ከተማ ተማሪ ሳለሁ የታላቅ ወንድሜን የቻይና ብስክሌት እየነዳሁ አረካ ደርሼ ስመለስ፣ አንድም ቀን ደከመኝ ያልሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ከዚያ በኋላ ሥራ መጣ፤ ከሥራው ጋር ወንበር መጣ፤ ባጃጅም መጣና ከቤት እስከ ገበያ ያለችው አጭር መንገድ ሳትቀር የእግር መሆኗ ቀረ። በ47 ዓመቴ ለሌላ ጉዳይ ሐኪም ቤት በሄድሁበት ቀን የደም ግፊቴ 150 በ95 ሆኖ ተገኘ። የለካችኝ ወጣት ነርስ መሣሪያውን ከክንዴ ላይ እየፈታች፣ «ጋሼ፣ መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት ሦስት ወር እንሞክር፤ ጨው ይቀንሱ፣ ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ፣ ከዚያ ተመልሰው ይምጡና እንለካዎታለን» አለችኝ።

ይህ የእኔ ብቻ ዕጣ አልነበረም። በ2007 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው የጤና ጥናት ላይ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑት ኢትዮጵያውያን መካከል ከመቶው 16 የሚያህሉት የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ከእነርሱም የሚበዙት ይህ ነገር እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። በሽታው ሳይታመሙ የሚታመሙት ሕመም ነውና፣ ሰው እስኪወድቅ ድረስ ጤነኛ ነኝ ብሎ ይኖራል።

የወላይታ ዘመን መለወጫ የሆነው የጊፋታ በዓል አልፎ፣ ዝናቡ ቀንሶ መንገዱ ሲጠነክር፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ያንን አሮጌ ብስክሌት ከጎተራው ሥር አወጣሁት። እግሬን አንሥቼ ኮርቻው ላይ እንደ ወጣሁ ሚዛኑ ወዲያው መጣ፤ እጄ መሪውን ያዘ፣ ወገቤ ራሱን አስተካከለ፣ አካሌ ሁሉ ትናንት እንደ ተወው ሆኖ ተገኘ። በዚህ ጊዜ ያደረብኝ ደስታ እንዲህ ነው ብዬ ልገልጸው አልችልም፤ ደስታውም አታለለኝ፤ ምክንያቱም ሚዛኑ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሚዛን ስለ ነበር፣ ልቤም የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ልብ ይመስለኝ ጀመርና፣ በዚያው በቀድሞው ፍጥነት ነዳሁ። የመጀመሪያው ዳገት እኩሌታ ላይ ዓይኔ ጨለመ፤ ትንፋሼ ተቆራረጠ፤ ወርጄ በመንገዱ ዳር የመሪውን ብረት ተደግፌ ቆምሁ። ማሽላ ተሸክመው የሚያልፉ አንዲት እናት ቆም ብለው «ሳሮ» አሉኝ፤ በወላይታኛ ሰላምታም ነው፣ ደኅንነትን መጠየቅም ነው። ለመመለስ የሚበቃ ድምፅ ስላልነበረኝ ራሴን ነቅንቄ አመሰገንኋቸው።

ምክንያቱን ኋላ ላይ ጠይቄ ተረዳሁት። ሚዛን የመጠበቅ ትምህርት የሚቀመጠው ከራስ ቅል በስተኋላ ባለው ትንሹ አንጎል ውስጥ ሲሆን፣ እዚያ አንድ ጊዜ የተጻፈው በአሥርተ ዓመታት ሥራ ፈትነት የሚደመሰስ አይደለም። የልብና የሳንባ ብርታት ግን እንደ ጽሕፈት ሳይሆን እንደ እሳት ነው፤ እንጨት ካልተጨመረበት ይከስማል። ከሠላሳ ዓመት ዕድሜ በኋላ፣ ሳይንቀሳቀስ የሚኖር ሰው አካሉ አየርን ተቀብሎ ወደ ኃይል የመለወጥ ችሎታው በየአሥር ዓመቱ ከመቶ አሥር እጅ ያህል ይቀንሳል፤ ጡንቻውም እንደዚሁ ቀስ በቀስ ይመነምናል። ስለዚህ በጎልማሳነቱ የተመለሰው ሰው አንድ አካል ውስጥ ሁለት ዕድሜ ይዞ ኮርቻ ላይ ይወጣል፤ አንጎሉ ጎረምሳ ነው፣ ልቡ ግን ዕድሜውን ሁሉ ቆጥሮታል። መታዘዝ ያለበት ልቡን ነው።

በዚህ ላይ አገራችን ከፍታ ላይ ናት። ወላይታ ሶዶ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለ ተቀመጠች፣ በዚያ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። በፈረንሳይ አገር በሚካሄደው ታላቅ ውድድር ላይ ጀግኖቹን የሚፈትነው የአልፕ ዲዩዌዝ ዳገት ፍጻሜው 1,850 ሜትር ላይ ነው፤ የሶዶ ሕፃን ከዚያ ከፍ ብሎ ተወልዶ ከዚያ ከፍ ብሎ ይጫወታል። ደማችን ይህን አየር ለምዶታልና የምንፈራው ነገር አይደለም፤ ነገር ግን በሌላ አገር መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን የፍጥነት ልክ እዚህ ለማሳካት መድከም ከንቱ ነው።

ለመሆኑ መንቀሳቀስ ልብን ይጠብቃል የሚለው ቃል ከየት መጣ ያልን እንደ ሆነ፣ ነገሩን በአኃዝ ካሳዩት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ጄረሚ ሞሪስ የሚባሉት ብሪታንያዊ ሐኪም ነበሩ። እርሳቸው በ1953 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ የለንደንን ባለሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች አወዳድረው፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ከሚነዳው ሾፌር ይልቅ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ የሚውለው ትኬት ቆራጭ በልብ ሕመም የሚጠቃው ባነሰ መጠን መሆኑን አሳዩ። ሁለቱ በአንድ አውቶቡስ ይውላሉ፣ በአንድ ከተማ ይኖራሉ፤ የለያያቸው ዋናው ነገር ወንበሩ ነበር። ስለ ብስክሌት ራሱ ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. ከኮፐንሃገን የወጣው ጥናት፣ ወደ ሥራቸው በብስክሌት የማይሄዱት ሰዎች ከሚሄዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ከመቶ 39 እጅ ከፍ ብሎ መገኘቱን ሲገልጽ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ ከሩብ ሚሊዮን በሚበልጡ ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናትም ወደዚያው የሚያደርስ ውጤት አሳይቷል። እንዲህ ያለው ጥናት ብስክሌቱ ብቻውን አዳናቸው ብሎ በፍጹም አያስረግጥም፤ ቀድሞውኑ ጤነኛ የሆነው ሰው ብስክሌት መውደዱም ሊሆን ይችላልና። ሆኖም ብዙ ምስክር በአንድ ቃል ሲናገር መስማት ተገቢ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይበቃዋል ይላል። ይህ ማለት ቢያንስ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ነው፤ ከዱቦ ወጥቶ አረካ ቡና ጠጥቶ ለሚመለስ ሰው የሚከብድ ስሌት አይደለም። «መጠነኛ» ማለት ምን ያህል ነው ለሚለውም መሣሪያ አያሻም። እየነዱ ከጎን ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዐረፍተ ነገር መነጋገር ከተቻለ፣ መዝፈን ግን ካልተቻለ፣ መጠኑ እርሱ ነው። ቃላት እየተቆራረጡ ከሆነ ፍጥነቱን መቀነስ ይገባል። እኔም ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ለአንድ ወር ያህል ደልዳላ በሆነው መንገድ ላይ ብቻ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ፣ የሠፈር ልጆች እያለፉኝ፣ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ዳገት ሲመጣ ወርጄ ገፋሁ። በዚህ ማፈር የለም፤ ዳገቱ የሚጠይቀው ሥራ በዝግታም ሆነ በፍጥነት ቢወጣ ያው ነው፣ ሰውየውንና ብስክሌቱን ወደ ላይ ማንሣት ነው፤ የሚለያየው በየደቂቃው ከልብ የሚጠየቀው ግብር ነው፣ ቀስ ያለ ግብሩን በትንሽ በትንሹ ይከፍላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ሁለተኛውን ስሕተት ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም ነበርና፣ አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ። ሰው መንቀሳቀስ በጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የደሙ ውኃ ይጨምራል፣ ልቡ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይበዛል፣ ትንፋሹ ይረዝማል፤ ጡንቻውም በሁለት ወር ገደማ ይታዘዝለታል። ጡንቻን ከአጥንት የሚያስሩት ጅማቶች ግን የሚደርሳቸው ደም ትንሽ ስለ ሆነ የሚጠነክሩት ቀስ ብለው፣ ወራት ቆጥረው ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ወር ላይ ሰውየው «አሁንስ ዳንሁ» ብሎ መንገዱን በእጥፍ ያረዝማል፤ ትንፋሹም ይፈቅድለታል፤ ጉልበቱ ግን በማግሥቱ አልታዘዝም ይላል። እኔንም እንዲሁ አገኘኝ። የግራ ጉልበቴ ከፊት ለፊቱ፣ ከሎሚው በታች፣ ደረጃ ስወርድ ይወጋኝ ጀመር።

መፍትሔውን ያገኘሁት አረካ፣ ከመንገድ ዳር በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ከሚሠራ አንድ ወጣት ጠጋኝ ዘንድ ነው። የሄድሁት ጎማዬ ተንፍሶ ነበር። ከመነዳሪውን ከጎማው ውስጥ አውጥቶ ነፋው፤ ውኃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ እየነከረ ቀስ ብሎ አዞረው፤ ከአንድ ቦታ ላይ የአረፋ ሰንሰለት ሽቅብ ሲወጣ በአውራ ጣቱ ያዘው። ቦታውን አደረቀ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፣ ማስቲሽ ቀባ፣ እፍ እፍ እያለ ጠበቀና ከአሮጌ ከመነዳሪ የቆረጣትን ክብ ቁራጭ ለጠፈባት። ሥራውን ጨርሶ ብስክሌቱ ላይ ስወጣ ተመለከተኝና፣ «ጋሼ፣ ይውረዱማ፤ ኮርቻው ዝቅ ብሎብዎታል፤ እንዲህ ከነዱት ጉልበትዎን ነው የሚጨርስዎት» አለኝ። ቁልፍ አምጥቶ ኮርቻውን ወደ አራት ጣት ያህል ከፍ አደረገው፤ ተረከዜን ፔዳሉ ላይ አስቀምጬ ወደ ታች ስዘረጋው እግሬ ቀጥ እንዲል፣ በእግሬ ፊት ስረግጠው ደግሞ ጉልበቴ ጥቂት እጥፍ እንዲል አድርጎ አስተካከለልኝ። ከዚህ የተሻለ ምክር ከየትም አላገኘሁም። ጉልበት ዝቅ ባለ ኮርቻ ላይ በየዙሩ ከልክ በላይ ይታጠፋል፤ በሰዓት ውስጥ በሺሕ የሚቆጠር ዙር ስላለ፣ ትንሿ ስሕተት በሺሕ ትባዛለች። ሁለት ሳምንት ዐረፍሁና ቀስ ብዬ ስመለስ ሕመሙ ተወኝ።

ይህ ወጣት ከአፉ የማይለየው የሙያው ቋንቋ ራሱ ታሪክ አለው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና፣ ማርሽ፣ ጎሚስታ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ የብስክሌት ውድድርም በአሥመራ የተስፋፋው በጣሊያኖች ዘመን ነበር። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ አደባባይ በቆመችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን፣ አሰልፋቸው ከነበሩት መካከል ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞች እንደ ነበሩ ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በዚያ ከ187 ኪሎ ሜትር በሚበልጠው የጎዳና ውድድር ላይ ገረመው ደንቦባ 24ኛ ሲወጡ፣ ቡድኑ 9ኛ ሆኗል፤ ገረመው ከአራት ዓመት በኋላም በሮም ተሰልፈዋል። አበበ ቢቂላ በሮም ድል ካደረገ በኋላ የአገሪቱ ልብ ሁሉ ወደ ሩጫ ስለ ዞረ፣ ብስክሌቱ በጥላ ሥር ቀረ። ይህ ለእኔ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ የትግራዩ ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ በመሰለፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ጎረቤታችን ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በዚያው ውድድር ሦስት የቀን ውድድሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ለበሰ። ደጋ ላይ ያደገ ልብ ለዚህ ሥራ እንደሚሆን ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አልፈልግም።

ለጎልማሳ ሰው ሩጫ ሳይሆን ብስክሌት ለምን ተመረጠ ቢባል፣ መልሱ ያለው ኮርቻው ላይ ነው። የሚሮጥ ሰው እግሩ መሬት በነካ ቁጥር የሰውነቱን ክብደት ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሸከማል፤ በብስክሌት ግን ክብደቱን የሚሸከመው ኮርቻው ስለ ሆነ፣ ሰውነቱ የከበደውና ጉልበቱ የደከመው ሰው ልቡን ማሠራት የሚችለው መገጣጠሚያውን ሳይጎዳ ነው። ይኸው በጎነቱ ጉድለትም አለው፤ አጥንት የሚጠነክረው ሸክም ሲሰማው ስለ ሆነ፣ በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች ከብስክሌቱ ጋር በእግር መሄድንም እንዳይተዉ ይመከራል። የስኳር ሕመምተኛ የሆነና መድኃኒት የሚወስድ ሰው በኪሱ ስኳር ወይም ከረሜላ ሳይዝ መንገድ መውጣት የለበትም። ደረቱን የሚያጨንቀው፣ ሕመሙ ወደ ግራ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው የሚዘልቅበት፣ ወይም ራሱን የሚያዞረው ሰው ደግሞ ወዲያው ቆሞ ወደ ሐኪም መሄድ እንጂ «ይለፍልኝና እቀጥላለሁ» ማለት የለበትም።

ስለ መብሉ ብዙ አልልም፤ የወላይታ ምድር የሚያበቅለው ለብስክሌተኛ የተስማማ ነው። ማለዳ ከመውጣት በፊት ሁለት ቁራጭ የተቀቀለ ጎደሬ ወይም ስኳር ድንች በቂ ነው፤ በአረካ የግብርና ምርምር ማእከል የወጣው ቦሎሶ አንድ የሚባለው የጎደሬ ዝርያ ከዚህችው ከእኛ አገር ስሙን የወሰደ ነው። የከበደኝ ጨው ነው። የቡና ቅጠል ተቀቅሎ ከቅመሙና ከቃሪያው ጋር የሚጠጣው ሀይታ ቱኬ ከልጅነት ጀምሮ በጨው የለመድሁት ስለ ነበር፣ ያለ ጨው ስጠጣው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሐዘን ቤት መጠጥ መስሎ ተሰማኝ። አሁን ለምጄዋለሁ።

ሦስቱ ወር ሲሞላ ተመልሼ ስለካ 141 በ88 ሆነ። ገና ከድንበሩ አልወረደም፤ ነገር ግን ነርሷ ፊቷ በርቶ «ይቀጥሉበት ጋሼ» አለችኝ። ከዚያም በጥር ወር አንድ እሑድ ከአረካ እስከ ሶዶ ያለውን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የአስፋልት መንገድ፣ ሦስት ጊዜ ዐርፌ፣ የዳሞታን ተራራ ከፊቴ እያየሁ ደረስሁ።

መንገዱ ግን ለብስክሌተኛ የተሠራ አይደለም። የጭነት መኪና በነፋሱ ብቻ ከመንገድ ያስወጣል፤ ሚኒባሱ ተሳፋሪ ባየ ጊዜ ከፊት ተቆልምሞ ይቆማል፤ የአስፋልቱ ጠርዝ በየቦታው ተሸርሽሮ ገደል ሆኗል። ስለዚህ ከመጨለሙ በፊት መግባት፣ ደማቅ ልብስ መልበስ፣ ሁለቱንም ፍሬን ሁልጊዜ መፈተሽ የግድ ነው፤ በቁልቁለት ላይም ፍሬኑን ሳያቋርጡ ይዞ ከመውረድ ይልቅ እየያዙ እየለቀቁ መውረድ ይሻላል፤ አለዚያ ይግልና ይከዳል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳናው ለእግረኛና ለብስክሌት የተለቀቀበት ቀን በተጀመረ ጊዜ ተስፋ አድርጌ ነበር። ባሕር ዳርና ሐዋሳ በደልዳላ መሬታቸው ከድሮ ጀምሮ የብስክሌት ከተሞች ናቸው። በዳገታማዋ ሶዶና በአካባቢዋም በመንገዱ ዳር ብስክሌተኛውን ከመኪናው የምትለይ አንድ ክንድ ተኩል ስፋት ብትገኝ፣ ስንት ተማሪና ስንት ጎልማሳ ከቤቱ እንደሚወጣ እኔ ማለዳ ማለዳ የማሰላስለው ነገር ነው።

አንድ ሌላ ነገርም በልቤ አለ። «መመለስ» እያልሁ ስጽፍ የኖርሁት ለወንዶች ብቻ መሆኑን ያስታወሰችኝ ታናሽ እኅቴ ናት። እኔና ወንድሞቼ ብስክሌት ስንማር እርስዋ ውኃ ትቀዳ ነበር፤ ሴት ልጅ ኮርቻ ላይ መውጣቷ ነውር ተብሎ ስለ ተቆጠረ አንድም ቀን እንድትሞክር አልተፈቀደላትም። በ43 ዓመቷ «ወንድም ጋሼ፣ እኔስ ከምን ልመለስ?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁ።

በማግሥቱ የጠጋኙን ወጣት አማከርሁት። ሁለቱንም ፔዳሎች ፈትቶ አነሣቸው፤ ኮርቻውን ሁለቱም እግሯ መሬት እስኪነካ ድረስ ዝቅ አደረገው። ጀርመናዊው ካርል ፎን ድራይስ በ1817 እ.ኤ.አ. ይዞት የወጣው የመጀመሪያው ባለሁለት መንኰራኵር መሣሪያም ፔዳል አልነበረውም፤ ሰው መሬቱን በእግሩ እየገፋ ነበር የሚሄደው። እኅቴም ከቤታችን በስተጀርባ ባለው ሣር ሜዳ ላይ በየማለዳው ሰው ሳይበዛ እንዲሁ እየገፋች ተለማመደች። ከእኔ ይልቅ ፈጥና መንገዱን ያገኘች ይመስለኛል፤ የምታሳድደው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አልነበራትምና፣ ስትደክም ትቆማለች፣ ስታርፍ ትቀጥላለች፣ ከትናንት ጋር አትጣላም።

በዘጠነኛው ቀን «እንዳትለቀኝ» እያለች የኮርቻውን ጀርባ ይዤ ተከተልኋት። ሜዳው ጥቂት ቁልቁል በሚልበት ቦታ ሁለቱን እግሮቿን ከመሬት አነሣች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልሁ ቆጠርሁ፤ ሰባት ላይ ስደርስ እጄን ለቅቄ ነበር፤ እርስዋ ግን ገና አላወቀችም።